ከካላዛር ወዲያ፦ ስለ ትልቅ ጣፊያና ስለ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ

(በሐረር ባደረግነው የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)

ከፋሲል ግንብ እስከ ጁገል ግንብ መንገዱ ቀላል አይደለም። አዘጋጆቹ በአጭሩ ተናገሪ ስላሉኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ጎንደር የተማረ ሐኪም ትልቅ ጣፊያ ሲዳስስ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው ቃል አንድ ነው፤ ካላዛር። ደግሞም ልክ ነን። ከሁመራና ከመተማ እርሻ ታመው የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ናቸው ያስተማሩን። እኔ ሐረር ስመጣ ዝርዝሩ ተቀየረ። ከቆላው የሚመጣ ወባ አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ። አዋቂዎቹ ላይ ደግሞ የጉበት በሽታ አለ፤ ከጫት ጋር ግንኙነት እንዳለው ያመለከተው ጥናትም የተሠራው እዚሁ ሐረር ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ብዙዎቻችን ለፈተና አጥንተን፣ ከፈተና በኋላ ስለረሳነው በሽታ ነው፤ ስለ ጎሼ።

ሐኪም ያልሆናችሁ የትዳር ጓደኞቻችንም እዚህ ስላላችሁ በቀላሉ ላስረዳ። ሰውነታችን ያረጁ የደም ሴሎችን የሚውጡ ጠራጊ ሴሎች አሉት። ከዋጡት ውስጥ አንዱ ግሉኮሴሬብሮሳይድ የሚባል ቅባት ነው። ይህን ቅባት የሚፈጭ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙ በውርስ ምክንያት ከጎደለ ጠራጊው ይውጣል እንጂ መፍጨት አይችልም። ቅባቱ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኒ ውስጥ ይከማቻል። ሆድ ያብጣል፣ ደም ያንሳል፣ አፍንጫ ይደማል፣ አጥንት ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛል።

ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ፤ ስሟን አልጠራም። 9 ዓመቷ ነው፣ ክብደቷ 20 ኪሎ። ጣፊያዋ እምብርቷን አልፏል። በግራ ጎኗ በኩል የተተኮሰችበት ጠባሳ በረድፍ ይታያል። ለወባ ስንት ጊዜ እንደታከመች እናቷም አታስታውስም። አንድ ሆስፒታል ጣፊያው በቀዶ ሕክምና ይውጣ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷት ነበር። ታላቅ ወንድሟ በ6 ዓመቱ ሆዱ እንዲሁ አብጦ ሞቷል።

ያ የወንድም ሞት ነው ቆም ብለን እንድናስብ ያደረገን። መቅኒዋ ተወስዶ ሲታይ የካላዛር ተውሳክ የለም፤ ውስጣቸው እንደ ተጨማደደ ወረቀት የሚመስል ትልልቅ ሴሎች ግን ሞልተዋል። ጥቂት የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ በፖስታ ወደ ውጭ አገር ተላከ። መልሱ ሲመጣ ኢንዛይሙ የለም ማለት ይቻላል።

መድኃኒቱ አለ ወይ? አለ። በሽታውን ፊሊፕ ጎሼ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 ገለጸው። የጎደለው ኢንዛይም የትኛው እንደሆነ ሮስኮ ብሬዲና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ አጋማሽ አወቁ። የመጀመሪያው መድኃኒት በ1991 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ኢንዛይሙ የሚጣራው ከእንግዴ ልጅ ነበር። በ1994 በላቦራቶሪ ሴሎች የሚመረተው ኢሚግሉሴሬዝ መጣ። በኋላ ደግሞ በካሮት ሴል የሚመረት ሳይቀር ተፈቀደ።

አሰጣጡ የሚያስፈራ አይደለም። ዱቄቱ ይበጠበጣል፣ በኖርማል ሳላይን ይቀጥናል፣ በደም ሥር በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይገባል። በየሁለት ሳምንቱ፣ ዕድሜ ልክ። በአንጎል ላይ የሚመጣውን የበሽታውን ዓይነት አያድንም፤ ኢንዛይሙ ወደ አንጎል አያልፍምና። አንጎል በማይነካው ዓይነት ግን ጣፊያው በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል፤ የልጁም ቁመት ይጨምራል።

ዋጋው ነው የሚያስፈራው። ለአንድ አዋቂ በሙሉ መጠን ሲሰጥ በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን በጀት ከየትኛው ፋርማሲ እንጠይቃለን? ስለዚህ በአገራችን መድኃኒቱን ያገኙት ጥቂት ልጆች ያገኙት በልገሳ ነው፤ የሚወስዱትም አዲስ አበባ ሄደው።

አሁን አብረን እናስላ። በኪሎ 60 ዩኒት ቢታዘዝላት 1,200 ዩኒት፣ ማለትም 400 ዩኒት የሚይዙ 3 ብልቃጦች ናቸው። በዓመት 26 ጊዜ፣ 78 ብልቃጥ። መንገዱስ? ከሐረር አዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 26 ጊዜ ሲባዛ ከ27 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለመሄጃ አንድ ቀን፣ ለመድኃኒቱ አንድ ቀን፣ ለመመለሻ አንድ ቀን ስንል በዓመት 78 ቀን። ልጅቷ ከትምህርት ቤት፣ እናቷ ሸዋ በር ከምትሸጥበት ቦታ 78 ቀን ይቀራሉ ማለት ነው። እናትየው ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ፣ «ዶክተር፣ መድኃኒቱን ከሰጡን መንገዱን ማን ይሰጠናል?» አለችኝ።

እኔ ለዚህ ጥያቄ ብቻዬን መልስ የለኝም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ያለ ይመስለኛል። ከእኛ መካከል የውስጥ ደዌና የሕፃናት ሐኪሞች አሉ፣ ቀዶ ሐኪሞች አሉ፣ በጤና ቢሮ የምትሠሩ አላችሁ፣ ውጭ አገር የምትኖሩም ብዙ ናችሁ። የምለምናችሁ አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የወባም የካላዛርም ምርመራ ነጻ ሆኖ ጣፊያው ካልቀነሰ፣ በተለይ ወንድም ወይም እህት እንዲሁ ከሞተ፣ ጎሼን አስቡ።

ሁለተኛ፣ ቀዶ ሐኪሞች፣ እባካችሁ ጣፊያውን ለማውጣት አትቸኩሉ። ጣፊያው ሲወጣ ቅባቱ አይወጣም፤ የአጥንቱ ችግር ሊብስ ይችላል፣ ለከባድ ኢንፌክሽንም በር ይከፈታል።

ሦስተኛ፣ ለቤተሰቡ በደንብ አስረዱ። የዚህች ልጅ አባት ዘመዶች «ችግሩ ከሷ ነው» ብለው እናቷን ሊያስፈቷት ደርሰው ነበር። በሽታው የሚመጣው ከሁለቱም ወላጆች ነው። ሁለቱ ተሸካሚ ሲሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ፤ ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ደግሞ ሁለት ተሸካሚ የመገናኘቱ ነገር ይጨምራል። አባትየውን አስቀምጬ ይህን በወረቀት ላይ ስዬ አሳየሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ለታላላቆቹ ሊያሳይ ወሰደው። እናትየው ዛሬም በትዳሯ ናት።

አራተኛው የመንገዱ ነገር ነው። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ ክትባታችን በሚቀመጥበት ቅዝቃዜ ማለት ነው። ክትባት በየወረዳው ማድረስ የቻለ አገር 3 ብልቃጥ ሐረር ማድረስ አያቅተውም። በዚህ ከተማ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና አለ፣ ጁገል ሆስፒታል አለ፣ ደም ሥር አግኝታ መድኃኒቱን በጥንቃቄ የምትሰጥ ነርስ አለች። የጎደለው በአዲስ አበባ ካሉት ስፔሻሊስቶች ጋር የሚደረግ ስምምነትና ጉዳዩን ይዞ የሚከታተል ሰው ነው። ውጭ ያላችሁት ከለጋሾቹና ከላቦራቶሪዎቹ ጋር አገናኙን፤ ደብዳቤውንም ክትትሉንም እኛ እንሠራለን።

ልጅቷ እስካሁን ስድስት ጊዜ መድኃኒቱን ወስዳለች። የአፍንጫ ደሟ ቆሟል፤ ሌሊት ሳትነቃ ትተኛለች። ሰባተኛው ከነገ ወዲያ ነው፤ እናቷም የአውቶቡሱን ትኬት ቆርጣለች። ከዛሬው ስብሰባችን በኋላ የማኅበራችን ጸሐፊ ስም ይመዘግባል። በዚህ ሥራ የምትገቡ ሳትወጡ ተመዝገቡ።