የታሸገ በርና የቡና ክፍል



ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና በዲላ ከተማ ውስጥ ያልፋል። በመንገዱ ዳር ከተሠሩት ቤቶች አንዳንዶቹ ለሱቅ ሲባል ወደ ውጭ የተከፈተ በር አላቸው። ሱቁ ሲቀር በሩ ይደፈናል፤ ክፍሉም የቡና ማስቀመጫ ይሆናል።

ለግንበኛው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከ10 ቁመት ያለውን ክፍት ቦታ 24 ያህል ብሎኬት ይሞላዋል። ዳሩ ግን ከ4 ኩንታል በላይ የሚመዝነው ይህ ግንብ የሚያርፈው ቀድሞ የሰው እግር ብቻ ይረግጠው በነበረው ደፍ ላይ ነው። ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ከሌለ አዲሱ ግንብ ከአሮጌው ተለይቶ ይሰምጣል፤ ልስኑም በግራና በቀኝ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። በዲላ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚበረታ ስንጥቁ ለመድረቅ ፋታ አያገኝም።

በእንግሊዝ አገር የብዙ ቤቶች ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ክፍተት የተለያዩ ሁለት ግንቦች ነው። በውጭው የሰረገ ውሃ በክፍተቱ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይሻገርም። በር ሲደፈንም ማልታ ወድቆ ለውሃው ድልድይ እንዳይሆን ግንበኛው ይጠነቀቃል። ብሎኬትም ውስጡ ባዶ ነውና እንደዚያው ያገለግላል የሚል አይጠፋም። ስሕተት ነው። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ድፍን ክፍል ከውጭ ፊት እስከ ውስጥ ፊት ስለሚደርስ እርጥበቱ ያንኑ ተከትሎ ይገባል።

ስለዚህ ሥራው ከደፉ ይጀምራል። ደፉ ተነሥቶ እስከ ቤቱ መሠረት ጥልቀት ይቆፈራል፤ በድንጋይም ይገነባል። ከመጀመሪያው ረድፍ ሥር ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋል። የእንጨቱ መቃን ይነቀላል፤ በግንብ ውስጥ የተተወ እንጨት የምስጥ ቀለብ ነው። አዲሱና አሮጌው በጥርስ ወይም በፌሮ ይያያዛሉ። ጉበኑ ግን የላዩን ክብደት ተሸክሞ የኖረ ስለሆነ አይነካም።

አሮጌው ግድግዳ ጭቃ ከሆነ በማገርና ጭድ በገባበት ጭቃ መዝጋት ይሻላል፤ ጭቃ በእርጥበት ሲያብጥና ሲደርቅ ሲኮማተር ብሎኬት አብሮት አይሄድም። ብሎኬትን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ የሚያይ ባለቤት ግን ይህን ምክር በቀላሉ አይቀበልም።

በደንብ የደረቀ ቡና የሚይዘው እርጥበት ከመቶ 12 ገደማ ነው። ርጥብ ግድግዳ የተደገፈ ጆንያ ይሻግታል፤ የዓመት ድካምም በገበያ ዋጋ ያጣል። ልስኑ እስኪደርቅ ድረስ ክፍሉ ባዶውን ይቆይ፤ ከዚያም በኋላ ጆንያው ከግድግዳው ራቅ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ።