መግራትም ወጪ ነው
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን ሒሳብ ከማንበባችን በፊት ስለ አንድ ወይፈን እንነጋገር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዳልቻ ነው።

ዳልቻን የገዛነው አደልበን የ55 ቀኑ ጾም ሲፈታ፣ ለፋሲካ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ልንሸጠው ነበር። ከጮቄ ግርጌ፣ ከመንጋ መካከል የመጣ፣ ገመድ የማያውቅ ወይፈን ነበር። ሦስት ወር በረት አስረን ጭድ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የጠላ አተላ ቀለብነው። ሰባ፤ አማረ። ታስሮ መብላትን ለመደ፤ ታስሮ መሄድን ግን ማንም አላስተማረውም።

የገበያው ዕለት ከበረቱ ደጅ አልፎ አንድ እርምጃ አልሄድም አለ። ስንጎትተው ተኛ፤ ስንመታው ዘለለ። አንዲት እናታችን ገመዱን በእጃቸው ጠምጥመውት ስለነበር ጎትቶ ጣላቸው፤ ክንዳቸው ተሰበረ። የፋሲካ ገበያ አለፈን።

ያን ቀን ሁላችንም «ክፉ ከብት» አልነው። በኋላ ግን የገራልን አንዲት ባልቴት አባላችን ናቸው። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ወይፈን ሲገሩ አድገዋል። እንዲህ አሉን፦ «እናንተ ከምትስቡት እሱ ይበልጣል። በጉልበት አትግጠሙት።»

ገመዱን በቀንዱ ሥር አዙረው አፍንጫው ላይ እንዲያርፍ አድርገው አሰሩት። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ አላዋሉትም፤ ነገር ግን የሚስቡት ሁልጊዜ ወደ ውኃውና ወደ ጨው ነበር። ገመዱን ጠበቅ ያደርጉና ይጠብቃሉ፤ አንድ እግር ሲያነሳ ወዲያው ያላሉለታል። ከብት በስተኋላው በቀጥታ ያለውን ስለማያይ፣ ከኋላ ሳይሆን ከትከሻው አጠገብ ይቆማሉ። ገመድ በእጅ መጠምጠም ከለከሉን። ጀማሪ ወይፈን ከነባር በሬ ጋር ተጠምዶ ማረስ እንደሚማረው ሁሉ፣ አንድ የለመደ በሬ ከፊቱ አስቀደሙለት። በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰው። በሦስተኛው ሳምንት ዳልቻ በለጋ ልጅ እጅ ይሳብ ጀመር።

እህቶቻችን፣ ጥፋቱ የዳልቻ አልነበረም፤ የመዝገባችን ነበር። መዝገባችን ላይ ለግዢ፣ ለመኖ፣ ለክትባት፣ ለገመድ ሳይቀር ዓምድ አለ። ለመግራት ግን የለም። ዓምድ የሌለው ሥራ ኃላፊ አልነበረውም፤ በመጨረሻ የሠሩትም እናታችን አንድ ብር አልተከፈላቸውም። ጠዋት ማታ ሦስት ሳምንት ደክመው በሒሳባችን ላይ የሉም። ይህን መዝገብ የያዝን እኛ ነን፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዳልቻ ከፋሲካ በኋላ በቀነሰ ዋጋ ተሸጠ። በመዘግየቱ የበላው መኖ ትርፉን ወሰደው። ገንዘባችን ተዘዋዋሪ ብድር ነውና ጉዳቱ እዚያ አልቆመም፤ ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች እህታችን ወቅቱ አልፎባት ሳትገዛ ቀረች።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ ወይፈን በተገዛ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ሳይሰባና ጉልበት ሳያወጣ፣ መሳብ ይልመድ። ሁለተኛ፣ ለገሪዋ የቀን አበል ይቆረጥ፤ የእናታችን ያለፈው ድካምም ይከፈል፣ ክንዳቸው የተሰበረው የሌላዋ እናታችን ማሳከሚያም ከማኅበሩ ይሸፈን። ሦስተኛ፣ ደጋፊዎቻችን «ስንት ወይፈን ገዛችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ስንቱ ገመድ ለመደ?» ብላችሁም ጠይቁን።

አዲሱን ዓምድ በመዝገባችን ላይ አስምረነዋል። ባዶ ነው። ውሳኔያችሁን እንጠብቃለን።