ጓያ እና የእግር ሽባነት
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጤና ጥቂት እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ርእስ ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም። የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከማጀታችንም ሽሮ አይጠፋም። ሽሮው ከአተር ወይም ከሽምብራ ይዘጋጃል፤ ኑሮ ሲከብድ ደግሞ ጓያም ይገባበታል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ጓያና እርሱ ስለሚያመጣው የነርቭ በሽታ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላሳስብ።

ሰው እግሩን ሊያነሣ ሲፈልግ ትእዛዙ ከአንጎል ተነሥቶ በሁለት ክር ይወርዳል። አንደኛው ክር ከአንጎል እስከ ኅብለ ሰረሰር ይደርሳል፤ ሁለተኛው ከዚያ ተቀብሎ ለጡንቻ ያደርሳል። ድሩ ከተበጠሰ ሸማኔው የቱን ያህል ቢደክም ጋቢው እንደማይወጣ ሁሉ፣ ክሩ ከተጎዳ ጡንቻው ጤነኛ ቢሆንም አይታዘዝም።

ሁለቱንም ክሮች የሚያጠፋ በሽታ አለ፤ ሐኪሞች ኤ.ኤል.ኤስ. ይሉታል። እጅና እግርን፣ ምላስን፣ በመጨረሻም ትንፋሽን ያደክማል፤ ብዙዎቹ በሽተኞች ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ያርፋሉ። የአብዛኞቹ መነሻ ምክንያት እስካሁን በውል አልተደረሰበትም። በ1995 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሪሉዞል የሚባለው መድኃኒት ዕድሜን በጥቂት ወራት ያራዝማል እንጂ አያድንም። በ2023 ደግሞ ቶፈርሰን የተባለ መድኃኒት ተፈቅዷል፤ እርሱም የሚያገለግለው አንድ የታወቀ የዘር ጉድለት ላለባቸው ጥቂት ሰዎች ነው።

የጓያ በሽታ የሚጎዳው በተለይ የላይኛውን ክር ነው። እግር ይገተራል፤ በሽተኛው በእግሩ ጣት እየቆመ፣ ጉልበቱን እያጋጨ ይሄዳል። አንዳንዱ ያለ ዱላ፣ አንዳንዱ በአንድ ምርኩዝ፣ አንዳንዱ በሁለት ይንቀሳቀሳል፤ የባሰበት ይድሃል። አእምሮው ግን ደኅና ነው፤ ዕድሜውም አያጥርም። ታዲያ አንድ ጎልማሳ ሠላሳና አርባ ዓመት ምርኩዝ ይዞ ይኖራል ማለት እኮ ነው!

ምክንያቱስ? ጓያ በዋልካ መሬት ላይ፣ ድርቅም ውሃም ችሎ የሚበቅል ጠንካራ እህል ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ እርሱ ይተርፋል። በውስጡ ግን ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፤ ይህንንም ሕንድ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ ዓመታት ለይተውታል። ሰው ለሁለት ለሦስት ወር ጓያን ዋና ምግቡ ካደረገ መርዙ ነርቩን ይጎዳዋል።

በአገራችን ደምቢያና ፎገራ በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያደረጉትን ጥናት በ1990 አሳትመዋል። ከ1995/96 ድርቅ በኋላ ደግሞ በደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ተነሥቶ ከ2000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ሽባ ሆነዋል። ይህንን ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አስታውቀዋል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ጥናት አንድ ለእናቶች የሚጠቅም ነገር አገኙ። አደጋውን የሚያብሰው ጓያን በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ መብላት ነው። ከጤፍና ከመሰል እህል ጋር ተቀላቅሎ፣ ሽንኩርትና ዝንጅብል ካለበት ወጥ ጋር ሲበላ ግን አደጋው ይቀንሳል። አንዳንድ ሰው በሽታው የሚይዘው በጓያ እንፋሎት ወይም በገለባው ነው ይላል፤ እንዲህ አይደለም፤ የሚይዘው በመብላት ነው። እርግማንም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ በምርኩዝ የሚሄደውን ጎረቤታችንን አንሽሸው።

አንዴ የተጎዳው ነርቭ አይመለስም። ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒትና የእግር ማፍታቻ እንቅስቃሴ ችግሩን ያቀልሉ እንደሆነ እንጂ ፈውስ የለም። እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ! የኤ.ኤል.ኤስ. ተመራማሪዎች ምክንያቱን ለማግኘት ገና ይደክማሉ፤ የጓያው ምክንያት ግን በእጃችን ነው፤ በሽታውን ሳይጀምር ማስቀረት እንችላለን።

ማንም እንዳይደነግጥ ግን አንድ ነገር ልበል። ከእንጀራ ጋር አልፎ አልፎ የሚበላ የጓያ ሽሮ ሽባ አያደርግም። ለቅሶ ላይ የምትቀመስ እፍኝ ንፍሮም እንዲሁ። ጓያ የሚጎዳው ሌላ የሚበላ ያጣውን ቤት ነው። ጓያን የግድ የሚበላ ሰው አስቀድሞ ይዘፍዝፈው፣ ውሃውንም ይድፋው፤ መርዙ በከፊል ከውሃው ጋር ይሄዳልና። ከሌላ እህልም ጋር ይቀላቅለው።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ሬሳ ይሸኛል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የዕለት ጉርስ ያጣ አባል ቤት ውስጥ ጓያ ብቻ ሲቀቀል እያየን ዝም ብንል፣ ለሞተው የምናወጣው ገንዘብ ለቆመው ምን ጠቀመው? ከመዋጮአችን ላይ ጥቂት ተቀንሶ፣ ለተቸገረ አባል በክፉ ቀን ጥቂት ኪሎ ጤፍ ወይም ስንዴ የሚገዛበት ደንብ እንዲወጣ ለጉባኤው አቀርባለሁ። በመርካቶም ሆነ በሰፈራችን ገበያ የተፈጨ ሽሮ የምትገዙ እናቶችም ከምን እንደተሠራ መጠየቅ መብታችሁ ነውና ጠይቁ።