ቴርሞሜትሩ 92 ሲል



ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁና ስለ ክፍሌ ላውራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ተማሪዎቼ ግን 92 እያዩ 100 ብለው ይጽፋሉ። ለምን ስላቸው፣ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ የሚመጣው 100 ነዋ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ማርክ የሚያስገኘው እሱ ነው።

የሳይንሳዊ ዘዴን ደረጃዎች ማስሸምደድ ይህን አያድንም። ስለዚህ መጀመሪያ ግምታቸውን ይጽፋሉ፤ ቀጥለው ይለካሉ፤ ያዩትን ብቻ ይመዘግባሉ። አንዱ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል» ካለ በሌላ እንፈትሻለን። ያው 92! የከፍታው ነገር የሚመጣው ያኔ ነው። «አዳማስ?» እላለሁ። ዝቅ ስለምትል ከ92 በላይ ብለው ይተነብያሉ። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነች ከ100 ትንሽ ያልፋል።

ጉዳዩ የውሃ ብቻ አይደለም። ያየውን ትቶ የተነገረውን የሚጽፍ ልጅ፣ ነገ የደም ምርመራ ውጤት የሚጽፍ ባለሙያ ይሆናል።

መምህራኖቻችን፣ አስተማሪ ስታሠለጥኑ ለታማኝ ልኬትም ማርክ መስጠትን አስለምዱልን።