የጎፋ ፀሐይ ለምን ታቃጥላለች?



«ፀሐይዋ እንዲህ የምታቃጥለው ኦዞን ስለተቀደደ ነው» ሲባል ይሰማል። ልኬቱ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው።

ኦዞን ምድርን ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከልል ጋዝ ሲሆን፣ መጠኑ የሚለካው በዶብሰን ነው። ከምድር ወገብ አቅራቢያ በተፈጥሮው 260 ገደማ ነው። «ቀዳዳ» የሚባለው ከ220 በታች ሲወርድ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ የተደረገው በደቡብ ዋልታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኦዞን ከምድር በመሣሪያ ተለክቷል።

ታዲያ አዲስ አበባ፣ ጎፋ ላይ የሚያቃጥለው ምንድን ነው? ቦታውና ከፍታው ነው። ጎፋ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ጥላም ከእግር ሥር ይገባል። ጨረሩ በአጭር መንገድ ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጎፋ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። በደጋ የሚያርሰው ገበሬም ዕጣው ይኸው ነው።

ስለዚህ ኦዞን ቢያገግምም የቀትር ፀሐይ አይለዝብም። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባርኔጣ ማድረግ ወይም መከናነብ፣ ዓይንንም መከለል የዓይን ሞራ ግርዶሽን ለመቀነስ ይረዳል።

ዩኒየኖችን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይም አለ። የእህል መጋዘን ለማጠን ያገለግል የነበረው ሜታይል ብሮማይድ ኦዞንን ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 በተቀበለችው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት፣ እንደ ኳራንቲን ላሉ ውስን ሥራዎች ካልሆነ በስተቀር ከ2015 ወዲህ አይፈቀድም። የመጋዘን ኬሚካል ሲገዛ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ስም አንብቦ መረከብ የየማኅበሩ ኃላፊነት ነው።