ሽጉጥና አፎቱ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ሽጉጥ» የሚለው ቃል መሸጎጥ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው መሣሪያው ከጠመንጃ የሚለየው ከልብስ ሥር የሚወሸቅ በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ክፉ ልማድም አስከትሏል። በሲቪል ልብስ በጥበቃና በምርመራ ሥራ ላይ የሚሰማራ ባለሙያ ለሽጉጡ ምርጫ ብዙ ሲጨነቅ ቆይቶ፣ መሣሪያውን ያለ አፎት ከቀበቶው ሥር ወሽቆ ሲሄድ ይታያል። መሣሪያ መያዝ ለማን እንደሚፈቀድ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚወስነው ስለሆነ እዚህ አይነሣም። የሚነሣው ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን በምን ይያዘው የሚለው ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 ዓ.ም. ፕላክሲኮ በረስ የተባለው ስመ ጥሩ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ግሎክ ሽጉጡን ያለ አፎት ከሱሪው ወገብ ላይ ወሽቆ በኒው ዮርክ ወደሚገኝ አንድ የምሽት ክበብ ገባ። ሽጉጡ በእግሩ በኩል ተንሸራተተና ተተኩሶ የገዛ ጭኑን አቆሰለው። ቁስሉ ዳነ፤ መሣሪያውን በከተማው ለመያዝ ፈቃድ ስላልነበረው ግን የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

የዚህን አደጋ ምክንያት ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. በኦስትሪያ የወጣው ግሎክና እርሱን ተከትለው የተሠሩት ብዙዎቹ ሽጉጦች በአውራ ጣት የሚዘጋ የውጭ መቆለፊያ የላቸውም። መቆለፊያው ከምላጩ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ምላጩን የነካው የተኳሹ ጣት ይሁን የሸሚዝ ጫፍ መሣሪያው ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ አፎት ጌጥም የኪስ ምትክም አይደለም፤ ከመሣሪያው የደኅንነት ክፍሎች አንዱ ሆኖ መቆጠር አለበት።

ከዚህ የተነሣ የአፎት የመጀመሪያ ግዴታ ምላጩንና ምላጩን የከበበውን ቀለበት ሙሉ በሙሉ መሸፈን ነው። ሽፋኑም ከውጭ ሲጫኑት የማይጎብጥ መሆን አለበት። ለማንኛውም ሽጉጥ ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ለስላሳ የጨርቅ አፎት በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ ለሁሉም የሚሆን ለአንዱም በልኩ አይሆንምና። ቆዳ ለአካል የሚስማማና ድምፅ የማያሰማ ስለሆነ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ላብ እየጠጣ ከዓመታት በኋላ ይለሰልሳል፤ ከንፈሩም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሽጉጡ ሲመለስ ያ እጥፋት ምላጩን ሊገፋ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የተተኮሱ ሽጉጦች አሉ። በሙቀት ለስልሶ በሽጉጡ ቅርጽ የሚሠራው ካይዴክስ የተባለው ፕላስቲክ ይህ ጉድለት የለበትም፤ ወገብን መቆርቆሩ ግን አይካድም። ያረጀ የቆዳ አፎት ይጠገናል ብሎ ከማቆየት መጣሉ ይሻላል።

ሁለተኛው ግዴታ መሣሪያውን አጥብቆ መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ዓ.ም. በዴንቨር ከተማ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ አንድ የኤፍ.ቢ.አይ. ባልደረባ በጭፈራ መካከል ወደ ኋላ ሲገለበጥ ሽጉጡ ከወገቡ ወደቀ። ለማንሣት ሲጣደፍ ተተኮሰና በአጠገቡ የነበረ ሰው እግሩን ተመታ። ሽጉጡ ወለሉን ሲመታ አልተኮሰም፤ የተኮሰው የደነገጠው እጅ ሲያነሣው ነው። የሚወድቅ መሣሪያን ለመቅለብ መሞከር እንደማይገባ በሥልጠና ደጋግሞ የሚነገረው ለዚህ ነው።

የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ሽጉጡ ስለሚታይ ሰው እንዳይነጥቀው ሁለትና ሦስት ማገጃ ያለው አፎት ያስፈልገዋል። ከልብስ ሥር ለሚይዝ ግን በልኩ የተቀረጸና በብሎን የሚጠበቅ አፎት፣ ቢበዛም በአውራ ጣት የሚከፈት አንድ ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ማገጃውን የሚከፍተው ራሱ አመልካች ጣት የሆነበት አፎት ግን አጠራጣሪ ነው። ጣቱ እየተጫነ ሽጉጡ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ምላጩ ሊያርፍ ስለሚችል አንዳንድ የአሜሪካ ማሠልጠኛዎች ከልክለውታል።

ቀበቶውም ሊዘነጋ አይገባም፤ በቀጭን ቀበቶ ላይ የተንጠለጠለ ጥሩ አፎት ከሽጉጡ ጋር ይወዛወዛል። ቦታውን በተመለከተ የቀኝ ዳሌ አጥንት ኋላ ለቀኝ እጅ ተጠቃሚ የተፈተነ ነው። በጀርባ መካከል የሚያዝ ሽጉጥ በጀርባ ለሚወድቅ ሰው አከርካሪውን ሊሰብር የሚችል ብረት ነው። የእጅ ቦርሳ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ዓ.ም. በአይዳሆ ግዛት፣ የሁለት ዓመት ሕፃን ለሽጉጥ መያዣ ተብሎ ከተሠራ የእናቱ ቦርሳ መሣሪያውን አውጥቶ በገበያ መካከል እናቱን ገድሏል።

አፎትን ለመመርመር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ተረጋግጦ፣ ጥይቱም ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ አፎቱ ከነሽጉጡ ፍራሽ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፍ፤ ከወደቀ ይመለስ። ቀጥሎም ባለቤቱ ታጥቆት ይጎንበስ፣ ይቀመጥ፣ ደረጃ ይሩጥ። ሽጉጡ ወደ አፎቱ ሲመለስ የጃኬት ገመድና የሸሚዝ ጫፍ እንዳይገቡ በዓይን እየታየ በዝግታ ይግባ፤ ለመመለስ የሚያቻኩል ምክንያት የለምና። ማታም ሽጉጡን ከአፎቱ ከመምዘዝ ይልቅ ሁለቱን አንድ ላይ ከወገብ አውልቆ ወደሚቆለፍ ሣጥን ማስገባት ይመረጣል፤ ምላጩ እንደተሸፈነ ያድራል።