ፋይል ተመለሰ ማለት ተከለከለ ማለት አይደለም
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው በአሜሪካ ጦር አገልግለው አካላቸው የተጎዳ ሰዎችን ጉዳይ ነው። ከእኛው ልጆችም በዚያ ጦር ያገለገሉ አሉና ነገሩ የሩቅ አይደለም።

ጉልበቱ የተጎዳ አንድ ወንድም የጉዳት ካሣ ጠይቆ ተከለከለ። ይግባኝ ብሎ ብዙ ከጠበቀ በኋላ፣ ፋይሉ ለተጨማሪ የሕክምና ምርመራ መመለሱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው። «አላመኑኝም፤ ከእንግዲህ አልሄድም» አለን። እኛም ደብዳቤውን በሚገባ ሳናነብ አጽናንተን ሸኘነው። የምርመራው ቀጠሮ አለፈ፤ ውሳኔውም በነበረው ማስረጃ ብቻ ተሰጠ። ያም አልበቃም። ጥፋቱ የእኛም ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ፋይል የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የፊተኛው ምርመራ ጎደሎ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 «ባር» በተባለው ጉዳይ፣ መሥሪያ ቤቱ ምርመራ ካዘዘ ምርመራው ለውሳኔ የሚበቃ መሆን እንዳለበት ፍርድ ቤት ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 በ«ስቴጎል» ጉዳይ ደግሞ፣ ቦርዱ ሲመልስ ያዘዘው እንዲፈጸም መጠየቅ የአመልካቹ መብት መሆኑ ተረጋግጧል።

መርማሪው ሐኪም አያክምም፤ ካሣውንም አይወስንም። የሚጠየቀው ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ 50 በመቶ እንደ ሆነ ነው፤ ምክንያቱንም መጻፍ አለበት። ማስረጃው በሁለቱም ወገን እኩል ሲመዝን ጥርጣሬው ለወታደሩ ይጠቅማል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቀጠሮ እንዳያልፍ እናስታውስ፤ ሕመም ወይም ሐዘን ቢያጋጥም አስቀድሞ ተደውሎ ይነገር። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል እንደ ልማዳችን «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እንዳናልፍ። ምስጋናው መልካም ነው፤ ሐኪሙ ግን «ደኅና ነው» ብሎ ይጽፈዋል። ደረጃ መውጣት ያቃተውን፣ ሌሊት እንቅልፍ የነሣውን ይናገር። ሚስቱና የጦር ጓደኞቹም ያዩትን በጽሑፍ ይመስክሩ። ፈቃድ ያላቸው የወታደሮች ማኅበራት ወኪሎችም ያለ ክፍያ ይረዳሉ።

ያ ወንድማችን አዲስ ማስረጃ ይዞ እንደገና አመልክቷል። መልሱ ገና አልመጣም። ለምርመራ በተጠራ ጊዜ ግን ብቻውን አልሄደም። ሽባውን ተሸክመው ጣራ የነደሉት አራቱ ሰዎች ፈዋሾች አልነበሩም፤ ሥራቸው ማድረስ ነበር። የእኛም ሥራ ይኸው ነው።